ቁጭ ብድግ

«ቁጭ በይ እንጂ! ሐዘንተኛ ለማን ነው የሚነሣው?» አሉ እትዬ ማኑሄ፣ የጥሩብርሃንን የነጠላ ጫፍ ይዘው ወደ ታች እየሳቡ።

ጥሩብርሃን ከወገቧ ቀና ብላ ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከበሩ ገብተው በግድግዳው ጥግ የሚደረደሩት ለቀስተኞች ለእነርሱ የተነሣች መስሏቸው «ኧረ በእግዚአብሔር!» «አይገባም!» እያሉ እጃቸውን አወራጩ። የተነሣችው ግን ለማንም አልነበረም። መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ እግሯን አጥፋ መዋል ከጀመረች ወዲህ ቀኝ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ ከጭኗ በታች ያለው አካል የራሷ መሆኑን የምታውቀው ሲጠዘጥዛት ብቻ ነው። ይህን ለማን ትናገራለች? ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት «እግሬን ላፍታታ» አትልም።

ሳሎኑ ሶፋው ወጥቶ፣ ቴሌቪዥኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን ፍራሽ ብቻ ሆኗል። በስተግራዋ ግድግዳ፣ በስተቀኟ እትዬ ማኑሄ። እትዬ ማኑሄ የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው፤ መርዶውን ሰምተው ከአስኮ ከመጡባት ሰዓት ጀምሮ ከጎኗ አልተለዩም። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ሲያለቅሱ ፍራሹ አብሯቸው ይንቀጠቀጣል። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሐዘንተኛዋ መቼ ውኃ እንደምትጎነጭ፣ መቼ ዝም እንደምትል የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ክፋት የለባቸውም። ወንድማቸውን በወግ ለመሸኘት ሲሉ ነው ሚስቱን አጥብቀው የያዟት።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ወይዘሮ ደሜ፣ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢዋ፣ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ አሉ። የወይዘሮ ደሜ ሹክሹክታ ከሌላ ሰው ጩኸት እምብዛም አያንስም።

«ሰውየው ነፍሱ ስትወጣ እሷ የት ነበረች መሰለሽ? ሜዳ ላይ! ቱታዋን ለብሳ ስትዘል!»

«ተዪ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለቅዳሴ መቆም አቅቶኝ በመቋሚያ ነው። እሷ ወገቧን የምታቀጥነው ለማን ነው? ባል አላት፣ ልጅ አድርሳለች።»

«ስኳር አለባት ይሉ ነበር እኮ። ሐኪም አዞላት ይሆናል።»

«ሐኪም ባልሽን ጥለሽ ሩጪ ብሎ ያዛል?»

ጥሩብርሃን ዓይኗን ከጭኗ ላይ አላነሣችም። የሰማችው ነገር ውሸት ቢሆን መልስ ባገኘችለት ነበር። እውነት ነው፤ ባሏ ሲሞት ሜዳ ላይ ነበረች።

*

ወልደሰንበት ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነበር። ከአገር ቤት በልጅነቱ መጥቶ አጠና ተራ አጠና ሲያወርድ፣ ሲሸከም፣ ቆይቶም በራሱ ስም ሲሸጥ ኖሯል። ባለመኪናዎች ግንድ የሚያህለውን ባሕር ዛፍ ለሁለት ሲያነሡ «ወግዱ» ብሎ ለብቻው ትከሻው ላይ የሚያደርግ፣ አስቀምጦም እጁን አራግፎ ምንም እንዳልሠራ የሚያወራ ሰው ነበር። ዕርዳታ አይወድም። ሠርግ ላይ እንኳ ሳህን የሚያቀብለው ሰው ሲያገኝ ፊቱ ይጠቁራል።

ስትሮክ የመታው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ሳለ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ እጁና ግራ እግሩ እንደ ቀድሞው አልነበሩም። ሰፈሩ ግን «ተሻለው፣ ተመስገን» አለ። ለምን አይል? በየማለዳው፣ መንገዱ በሰው ሳይሞላ፣ ወልደሰንበት ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለዋል። እርሱም በጤናማ እጁ ባርኔጣውን ከፍ ያደርጋል። ከአልጋው እስከዚያ ወንበር እንዴት እንደደረሰ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

*

«ጥሩዬ፣ አላህ ያጽናሽ» አለች ሚስኪ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ገብታ ከፊቷ እየተንበረከከች። ሚስኪ ከግንቡ ወዲያ ማዶ የምትኖር የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ዕድሜዋ ከጥሩብርሃን ብዙም አይርቅም፣ ጉልበቷ ግን የኮረዳ ነው። እትዬ ማኑሄ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፊትሽ አብጧል። እግርሽስ?»

«ደንዝዟል።»

«ትንሽ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በያ።»

«እንዴት ብዬ?»

«ወላሂ እኔ አላውቅም። ብቻ ይሄ ነገር ያስፈራኛል። ጉልበት ኩሩ እንግዳ ነው ብዬሽ የለ? ካላስተናገድሽው ሳይሰናበት ነው የሚሄደው። በጾሙ ጊዜ ታመሽ የተኛሽውን አስቢው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ተንገዳገድሽ?» ወደ እትዬ ማኑሄ ገልመጥ አለችና ጠጋ ብላ ጨመረች፦ «ሽንት ቤት ስትሄጂ በሩን ቆልፈሽ ቁጭ ብድግ ሥሪ። እዚያ ማን ያይሻል?»

ጥሩብርሃን ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ለቀስተኞቹ ዕንባ መሰላቸው፤ «አይዞሽ፣ ቻዪው» አሏት። ወዲያው በእርግጥም ዕንባ ሆነ።

አመሻሹ ላይ የተባለችውን አደረገች። በሩን ቆልፋ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ወረደች፤ ተነሣች። ጉልበቷ ተንቋቋ። ደግማ ወረደች። ጠባብ ክፍል ናት፤ ክርኗ ከባልዲው ጋር ይጋጫል። ደሟ ወደ እግሯ ሲመለስ ደስ ያለው ገላዋ፣ በደስታው ደግሞ ያፈረ ልቧ፤ ሁለቱ አልተስማሙም። ሐዘኑ ይሁን ጉልበቷ የሚያስለቅሳት ሳታውቅ እያለቀሰች ትወርዳለች፣ እያለቀሰች ትነሣለች።

በሩ ተንኳኳ። «ምነው ቆየሽ? ሆድሽን ነው?»

«መጣሁ፣ እትዬ።»

«ጥቁር አዝሙድ ላስፈላልሽ?»

*

ስለ ቁጭ ብድግ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ወንበር ላይ ነው፤ ጡረታ ስትወጣ ደረጃ የምትወርደው እንደ ሸርጣን በጎኗ ነበር። ወደ ሜዳው የወሰዳት አንድ ቀን ጠዋት የሆነ ነገር ነው።

ባኞ ቤት ውስጥ የሚፈስሰው ውኃ ድምፁ ሲረዝምባት በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ወልደሰንበት ወለሉ ላይ ወድቆ፣ ራቁቱን፣ ጤናማ እጁን ወደ ገንዳው ዘርግቶ ነበር። አልተጎዳም። ልታነሣው ሞከረች። በብብቱ ያዘችው፤ አልተነቃነቀም። በወገቡ ያዘችው፤ አንሸራተታት፤ አብራው ወደቀች።

«ሰው እንዳትጠሪ» አላት።

ፀሐይ በመስኮቱ እስክትገባ ታገሉ። ከንፈሩ በብርድ ሲጠቁር ግን አላስቻላትም፤ በሩ ላይ ወጥታ ተጣራች። የመጡት ሁለት ጎረምሶች አጠና ተራ ከእርሱ ዘንድ ጭነት ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። በፎጣ ጠቅልለው፣ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ ይዘው «አባባ አይዞት» እያሉ አልጋው ላይ አስቀመጡት። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወልደሰንበት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እህል አልቀመሰም። በማግስቱ የተናገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«እንደ አጠና ተሸከሙኝ።»

በዚያው ሳምንት ጥሩብርሃን ሚስኪን ከበሯ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ሚስኪ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሜዳ ወርዳ ስፖርት እንደምትሠራ ታውቃለች።

«ቦርጭ ለመቀነስ ነው?» አለቻት ሚስኪ።

«አይደለም። ከመሬት ዕቃ የማንሣት ጉልበት እፈልጋለሁ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«ከባድ።»

ሚስኪ ሳቀች፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቀቻትም። ሜዳው ላይ ጎረምሶቹ «ማዘር፣ ለኦሊምፒክ ነው?» እያሉ ቀለዱባት። ስትወርድ መነሣት ያቅታት ነበር፤ ሚስኪ እጇን ይዛ ትጎትታታለች። ክረምቱ መጣ፤ ጭቃውን በፌስታል በተጠቀለለ ጫማ ተሻገረችው። በጋው መጣ፤ አቧራውን በነጠላዋ ተከላከለችው። ስኳሯ ወረደ፤ ሐኪሟ አመሰገናት። እርሷ ግን ለስኳሯ ብላ አንድም ቀን ከአልጋዋ አልተነሣችም። አንድ ጠዋት፣ ከሜዳ መልስ፣ እግሯን ከእግሩ መካከል አስገብታ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ክንዶቿን በብብቱ ሥር አሳልፋ «በል» አለችው። ተነሣ። ቆመ። ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ።

«አንተ ነህ እኮ የተነሣኸው» አለችው።

«ውሸታም» አላት። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሄዱ። ወልደሰንበት ተኝቶ ሳለ ትወጣለች፤ ሳይነቃ ትመለሳለች፤ ታነሣዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ትላጨዋለች፣ ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ልጃቸው ፍቅረማርያም እንኳ አያውቅም ነበር፤ እርሱ ሲመጣ አባቱ ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። ሰፈሩ የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በሩ ላይ በኩራት የተቀመጠ ሰው፣ በቱታ የምትሮጥ ሚስት። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ያወቀ የለም።

*

ሥልስቱ ወጣ፤ ዕድርተኛው ድንኳኑን አፍርሶ ወንበሩን ጭኖ ሄደ። ጥሩብርሃን በልቧ «አሁን ወደ ሜዳዬ» ብላ ነበር። ፍቅረማርያም ግን ከአክስቱ ጋር መክሮ ከፊቷ በርከክ አለ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ማረፍ አለብሽ። አርባው እስኪወጣ አክስቴ እዚሁ አብራሽ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ አስኮ ይዛሽ ትሄዳለች።»

«አስኮ ምን ልሠራ?»

«ምንም። መቀመጥ ነው፤ ሁሉ ነገር ይቀርብልሻል።»

«ጠዋት ጠዋትስ?»

ፍቅረማርያም ወደ መሬት አየ። «ሰው የሚለውን አልሰማሽም? ዕድሩ ውስጥ፣ ድንኳኑ ውስጥ... እኔ ነኝ የሰማሁት። የዚያን ቀን ቤት ብትሆኚ ኖሮ...» ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። «ያ ነገር ይቅር፣ እማዬ። በቃ።»

ጥሩብርሃን ልጇን ልታስረዳው የምትችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በዚያ መንገድ ደግሞ አባቱ አለ።

በሞተበት ቀን ከሜዳ ስትመለስ ወልደሰንበት አልጋው ላይ አልነበረም። በአልጋውና በወንበሩ መካከል ወለሉ ላይ ነበር። ነቅቶ ብቻውን ሊነሣ ሞክሮ ይሆን፣ ሕመሙ ይሆን ከአልጋ የጣለው፣ ፈጣሪ ያውቃል። ብርድ ልብሱ በእጁ ነው። ጠራችው። አፍንጫው ሥር እጇን አደረገች። ከዚያ በሩን ከፍታ መጮኽ፣ ጎረቤት መጥራት ነበረባት፤ እግሯም ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ግን ተመለሰች።

እንደ ልማዷ ተንበረከከች። ጀርባዋን አቅንታ፣ ክንዶቿን በብብቱ ሥር አሳለፈች። «በል» አለችው። አልተነሣም። በየማለዳው ምን ያህል ያግዛት እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ጤናማ እግሩን ተክሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እርሷ ሳታውቅበት። አሁን አላገዛትም። ጥርሷን ነክሳ፣ ሜዳ ላይ በዓመታት ያጠራቀመችውን ጉልበት ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣችውና አነሣችው። አልጋው ላይ አጋደመችው። እግሩን አስተካከለች፣ ዓይኑን ከደነች፣ ጸጉሩን አበጠረች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበችለት። በሩን ከፍታ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰፈሩም እንዲህ አለ፦ «ታድሎ! አልጋው ላይ፣ እንደተኛ፣ ሳይሰቃይ።»

ለወይዘሮ ደሜና ለልጇ መልስ ብትሰጥ፣ ያንን ሰው ከአልጋው አውርዳ በሰው ፊት ወለል ላይ መልሳ ማጋደሟ ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ የሚጠብቃት ፍራሹ፣ ግድግዳው፣ አስኮ ነው።

*

ጎህ ሲቀድ የነቃችው በእትዬ ማኑሄ ማቃሰት ነው። እትዬ ማኑሄ ከጎኗ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ወደ ላይ ይታገላሉ። ከፍ ይሉና ተመልሰው ይወድቃሉ። የወንድማቸውን ሚስት አስቀምጣለሁ ሲሉ እርሳቸውም ሰንብተው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ተኚ።» ደግሞ ታገሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። «ወደ ውጭ ልወጣ ነበር። ቸኩያለሁ... አልቻልሁም።»

«ፍቅረማርያም ጓዳ ነው የተኛው፤ ልቀስቅሰው?»

«አይሆንም!» እትዬ ማኑሄ ክንዷን ጨመቁት። ጥሩብርሃን ያን ፊት ታውቀዋለች፤ ያ ጥርስን ነክሶ ማፈር የአንድ ቤት ልጆች ነው። «ልጁ በዚህ ሁኔታ እንዲያየኝ ነው? የለም። ሰው እንዳትጠሪ።»

ጥሩብርሃን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የደነዘዘው ጉልበቷ እንዳይከዳት ሁለት ጊዜ ቁጭ ብድግ አለችና ከፊታቸው በርከክ አለች። «እግርዎን ወደ ራስዎ ይሰብስቡ። እንደዚያ። እጅዎን አንገቴ ላይ። አይጎትቱኝ፤ ይደገፉኝ ብቻ። አሁን ትንፋሽ ይሳቡና... በሉ።»

እትዬ ማኑሄ ቆሙ። ደረት ለደረት ገጥመው፣ አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ እየሰማች፣ ለጥቂት ጊዜ ሳይነቃነቁ ቆዩ። ጥሩብርሃን ልትለቃቸው ስትል ግን እትዬ ማኑሄ አልለቀቋትም።

«እኔን የሚያህል ሰው አነሣሽ።»

«እርስዎ ነዎት እኮ የተነሡት።»

እትዬ ማኑሄ ፊቷን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ክንዷን፣ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ፣ በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ዳበሱት፤ ከቀጭኗ ሴት ቀሚስ እጅጌ ሥር ያልጠበቁትን ነገር እንዳገኙ ሁሉ።

«ማንን ስታነሺ ነው ይህን የለመድሽው?»

ጥሩብርሃን ወገቧ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታች።

«ያ ወንበር... በየጠዋቱ ወጥቶ የሚቀመጥበት...»

«ራሱ ነበር የሚነሣው፣ እትዬ። እኔ አጠገቡ እቆም ነበር።»

«የሞተ ዕለትስ? አልጋው ላይ ነው ያገኘሽው?»

«አዎን።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አልጋው ላይ።»

ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«ደግ አደረግሽ» አሉ በመጨረሻ።

ከውጭ ሲመለሱ ፍቅረማርያም ነቅቶ ጠበቃቸው። እትዬ ማኑሄ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቆመው፣ የወጉን ነገር እንደሚያውጅ ሰው ተናገሩ፦ «እናትህ ዛሬ ትወጣለች። ነገም ትወጣለች።»

«የት?»

«ወደ ሜዳዋ ነዋ!»

«አክስቴ! አርባው ሳይወጣ? ሰው...»

«ሰው የሚጠይቅህ ከሆነ የሟቹ እህት ናት የላከቻት በል። ደሜም ከጠየቀች እኔ ዘንድ ላካት፤ የምነግራት አለኝ። አርባውን እኔ እቀመጥለታለሁ።» ከዚያ ፍራሹን በጥርጣሬ አዩት። «ወንበር ግን አምጣልኝ። እዚያ ላይ ሁለተኛ አልወርድም።»

*

ጥሩብርሃን ቱታዋን በጥቁር ቀሚሷ ሥር ለበሰች፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ተከናነበች። መንገድ ላይ አንዳንዱ ሰላም አላት፣ አንዳንዱ ቆሞ አያት። ወይዘሮ ደሜ ከዳቦ ቤቱ ሲወጡ አጋጠሟትና ዳቦውን እንደታቀፉ ደርቀው ቀሩ። ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ አለፈች።

ሜዳው ላይ ሴቶቹ ምንም አልጠየቋትም። ሚስኪ ብቻ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት። ወረዱ፤ ተነሡ። ጉልበቷ መጀመሪያ ላይ አመፀ፤ ቆይቶ ታዘዘ። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከአጠና ተራ በኩል የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። ፀሐይዋ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ብቅ ስትል ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተጣደፈ። ሰዓቱ ነው። ሌሎቹ ገና ክንዳቸውን እያፍታቱ ሳሉ ነጠላዋን አንሥታ፣ ማንንም ሳትሰናበት፣ በፈጣን እርምጃ ወደ ቤቷ አቀናች።

«ጥሩዬ!» አለች ሚስኪ ከኋላዋ። «ወዴት ነው እንዲህ የምትሮጪው?»

«ሊነቃ—» ብላ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

ከሜዳው ዳር ቆመች። ወደ ቤትም ወደ ሴቶቹም አልዞረችም። ከኋላዋ የሁሉም ዓይን እንዳረፈባት ስታውቅ፣ የጫማዋ ክር የተፈታ ይመስል ጎንበስ አለች። ክሩ ጠብቆ ታስሯል። ፈታችው፤ ከዚያም፣ ቸኩላ እንደማታውቅ ሰው ቀስ ብላ፣ እንደገና ማሰር ጀመረች።